ለሁለት የተሰጠ ዋንጫ

ጋሽ ሞላ ለቀብርና ለሐዘን የሚሰበስበን የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በራችን ላይ ጠርተውኝ፣ «ሰብሌ፣ ሀጀራ ሞታለች» አሉኝ። ጅዳ፣ ከምትሠራበት ቤት ፎቅ ወድቃ።

«እናቷ አልሰማችም። የእናትየዋ እህት ከከላላ እስክትደርስ እንጠብቃለን፤ መርዶው እሁድ ንጋት ነው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ!»

«ነገ ሽልማት አለብን እኮ ጋሽ ሞላ።»

«ሂጂ። ብትቀሪ ትጠረጥራለች።»

«እሺ በአፌ ልሳቅ፣ ዓይኔስ?»

«ተኳዪው» አሉኝ። ሲቀልዱ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም የቀለዱ አይመስለኝም።

እኔና ሀጀራ ሰባተኛ ክፍልን አብረን ነው ያቋረጥነው። ከመሄዷ በፊት በስልክ የቀዳነው ዘፈን በቲክቶክ ዞሮ ዞሮ ደሴ ያሉ የሙዚቃ ሰዎች ጆሮ ገባ። ሁለት ሆነው ወይም በቡድን ለሚዘፍኑ በሚሰጠው ዋንጫ አሸነፍን ተባለ፤ ሊሸልሙንም መካነ ሰላም ድረስ መጡ። እሷ ከሌለችበት የእኔ ድምፅ የፍየል ነው። ይህንን በሕይወቷ አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። የሀጀራ እናት እትዬ ሀዲያ ልጃቸው የላከችላቸውን ሻርፕ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ጉንጬን ያዙኝ።

«ምነው ጠቆርሽ? አብሽሪ! እሷ ስትመጣ ደግማችሁ ትዘፍኑታላችሁ።»

«ስትመጣ ዋንጫውን በምን መጋዝ እንደምንካፈለው ጨንቆኝ ነው እንጂ፣ እትዬ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከንፈሬ ጥርሴ ላይ ደርቆ ቀረ።

አስተዋዋቂው ደሳለው ከደሴ የመጣ እንግዳ ነው፣ ምንም አያውቅም። ስማችንን ጠርቶ ዘፈኑን ለቀቀው። የሀጀራ ድምፅ ጣሪያውን አናወጠው፣ እኔ ዝም ብዬ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ሲያልቅ፣ «በሀጀራ ፈንታ እናቷ ይቀበሉልን!» አለ።

እትዬ ሀዲያ መድረኩ ላይ ወጡ። ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እልልታቸውን አቀለጡት።

ጋሽ ሞላ ሁሉን አስበው ነበር። የእናትየውን ስልክ በሰበብ አስወስደዋል፣ የሰፈሩን ልጆች አስፈራርተዋል፣ እንባቸውን መያዝ የማይችሉትን ቤት አስቀርተዋል። እልልታውን ግን አላሰቡትም። እኛ ጋ አንዷ እልል ካለች ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ደንብ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት የቅሬው ሴቶች ግን ሁሉም ሞቷን ሰምተዋል። ለሞተች ልጅ ማን እልል ይላል? አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች፣ አንዷ ጫማዋን ታያለች። የእትዬ ሀዲያ እልልታ ብቻውን ቀረ።

ደግመው ሞከሩ፣ አጠር አድርገው። ማንም አልተቀበላቸውም።

ዋንጫውን ቀስ ብለው አወረዱ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ማንም ዓይናቸውን አላየም።

«መልእክት ካለዎት እናታችን?» አለ ደሳለው፣ ማይኩን እየዘረጋ።

ማይኩን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰብሌ፣ መቼ ነው?»

ጋሽ ሞላ ከታች እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ እኮ ለመምህርም ለሚሊሻም መልስ አጥቼ አላውቅም። አሁንም ሃያ ውሸት ምላሴ ላይ ነበር።

«ማክሰኞ» አልኳቸው።

ዋንጫውን አስያዙኝና እዚያው መድረኩ ላይ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ያን ጊዜ ጮኹ።