ለኛኪም ዲፓርትመንት አጎት ተጠራ

ልጄ ኛኪም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት ጋምቤላ ስትመጣ፣ ደስታዬ ሻንጣዋን እስክታስቀምጥ እንኳን አልቆየም።

"ማማ፣ ዲፓርትመንት መርጫለሁ" አለችኝ።

"ነርስ" አልኩ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተስማማንበት ነገር ነው። ማለቴ እኔ የተስማማሁበት።

"ደቡብ እስያ ጥናት።"

"እሱ ደግሞ የምን በሽታ ነው?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል እያለች ጠራችልኝ። ታሪካቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ንግዳቸውን መማር ነው አለች። ዋናው ትምህርት ሜጀር፣ ከጎኑ የሚያዘው ትንሹ ማይነር ይባላል። ሁለቱንም ህንድ ህንድ ልታደርጋቸው ነው ያሰበችው፤ ትንሹንም ሂንዲ ቋንቋ። ምርጫው በስልክ ይላካል፣ እሁድ ይዘጋል።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ኒውላንድ ገበያ ውስጥ አሣ እጠብሳለሁ። ቢሆንም ነርስ ደመወዝ እንዳላት አውቃለሁ፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ነርስ ሲቀጥሩ በዓይኔ አይቻለሁ። "ህንድ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ግን ጋምቤላ ውስጥ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ቲቸር ዘውዱ ጂኦግራፊ ያስተማራት ሰው ነው። ይስቅባታል ብዬ ሄጄ ነገርኩት። "ጎበዝ! ዓለም ወደዚያ እየሄደ ነው" አለኝ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሰላምታም ነሳሁት።

ኛኪም አልጨቀጨቀችኝም። "አንቺ እሺ ሳትዪ አልልክም" አለች።

"እንግዲያው አትልኪም።"

ከዚያ ዝም አለች። ሳህን ታጥባለች፣ ዝም። ቤት ትጠርጋለች፣ ዝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ። በመጨረሻ ላሬ ወዳለው ወንድሜ ጋትደት ደወልኩ። በእኛ በኑዌር የእናት ወንድም ቃል ከባድ ነው። እሱ ከከለከለ ነገሩ ያበቃል፤ እኔም ክፉዋ እናት አልባልም። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ስለ ህንድ ምን ይላል? እምቢ ነው የሚለው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ማንጎው ሥር ወንበር አወጣሁለት፣ አሣ ጠበስኩለት። በልቶ እጁን ታጠበና ኛኪምን ከፊቱ አስቀመጣት።

"ይሄ ሜጀር ማይነር የምትሉት ምንድን ነው?"

"አጎቴ፣ ሜጀር የመጀመሪያ ሚስት በለው። ማይነር ሁለተኛዋ።"

"ሁለቱም የየራሳቸው ጎጆ አላቸው?"

"አላቸው።"

"እንግዲያው ሰላም አታገኚም" አለ። ወንድሜ ሁለት ሚስት አለው።

ነገሩ ወደ ሳቅ እየሄደብኝ ስለሆነ ገባሁበት። "ጋትደት፣ ሰዎቹ እኮ ላም ያመልካሉ! በጌታ ያደገች ልጅ ናት፣ እዚያ ልትገባ ነው?" አልኩ።

ቀና አለ። "ላም?"

"ማማ፣ ሁሉም አይደሉም። ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊም አለ። ብዙዎቹ ግን ላም ያከብራሉ፣ አያርዱም" አለች ኛኪም።

"ስታረጅስ? ወተቷ ሲደርቅ?"

"የሚጦሩበት ቦታ አለ። ያረጀና የታመመ ከብት የሚቀለብበት።"

ጋትደት ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። ለወንድሜ አረቄ ቢያቀርቡለት ይተወዋል፤ የከብት ወሬ ግን አይተውም።

"በሬያቸውን በዘፈን ያወድሳሉ?"

"አላውቅም አጎቴ።"

"ለየቀለሙ ስም አላቸው? ሆዱ ነጭ ሆኖ ጀርባው ጥቁር የሆነውን ምን ይሉታል?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም። ካወቅኩትማ ለምን እማረዋለሁ?"

ጭኑን መትቶ ሳቀ። "እህቴ፣ ይቺ ልጅ ትሂድ።"

"ለአንተ የከብት ወሬ ልታመጣ?"

"ለምን ታዲያ ጠራሽኝ?"

"እንድትከለክላት ነዋ!"

"ይህን ስልክ ላይ ብትነግሪኝ ያን ሁሉ መንገድ አልመጣም ነበር" አለ።

አሁን እኔም ተነሳሁ። "ሥራውስ? ተመርቃ ከእኔ ጋር አሣ ልትጠብስ ነው?"

ኛኪምም ተነሳች። "ማማ፣ እዚህ ገበያ ያለው ጨርቅ፣ መድኃኒት፣ ባጃጁ ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? ከእነሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ይፈለጋል። እሺ፣ ላይሳካልኝም ይችላል። ነርስ ግን አልሆንም። እኔ ደም ሳይ ምን እንደምሆን አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

አውቃለሁ። የአሣ ሆድ ስቀድ ፊቷን የምታዞር ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ጣቴን ቢላ ቆርጦኝ እኔ ቆሜ እሷ ነበረች የወደቀችው፤ ደሜ እየፈሰሰ ውሃ የረጨሁባት እኔ ነኝ። እንደዚህ ያለችውን ለማን በሽተኛ ልሰጣት ነበር? ይሄን ሁሌም አውቀው ነበር፤ ነርስ የሚለው ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ስለሚያምር እንዳላወቅኩ ሆንኩ።

ቢሆንም ዝም ብዬ አልሸነፍም።

"ትልቋ ሚስት ያንቺ ትሁን" አልኩ። "ትንሿ የእኔ ናት። ማይነሩን አካውንቲንግ አድርጊው።"

"ማማ! አካውንቲንግ እጠላለሁ!"

"እኔስ ህንድን ወደድኩ አልኩሽ? ሂንዲውን እዚያው ትልቁ ውስጥ ተማሪው።"

ጋትደትን አየችው። እሱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወደ ማንጎው አንጋጠጠ። በሁለት ሚስት ጠብ ውስጥ መግባት ድሮ ነው ያቆመው።

"እሺ" አለች መጨረሻ ላይ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ስልኩን ይዛ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ በር ሮጠች። "ሄደ!" ብላ ስትጮህ ቲቸር ዘውዱም በአጥር ላይ ብቅ አለ። ሰላም አልኩት፤ ምን አደርጋለሁ።

አሁን ትምህርቷን ጀምራለች። አካውንቲንጉ ከባድ ነው እያለች ታማርራለች፤ ውጤቷ ግን ደህና ነው። ጋትደት ደግሞ በየገበያው ቀን እየደወለ ጥያቄ ያቀብለኛል፣ እኔ ለእሷ አቀብላለሁ። ቀንድ ይቀባሉ ወይ? ለሙሽራ ከብት ይሰጣሉ ወይ? አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን አስተማሪዋን ትጠይቃለች። አስተማሪዋ አጎትሽን አምጪልኝ ብሏታል አሉ።

ባለፈው የጋትደትን ጥያቄ ለእሷ ነግሬ ስልኩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

"እነሱስ አሣ በምን ይጠብሳሉ?"

"ባንግላዴሽ አካባቢ በሰናፍጭ ዘይት ነው፣ ማማ።"

"በሰናፍጭ?"

"በሰናፍጭ። እርድም ይቀቡታል።"

አሠራሩን አንድ በአንድ ጠይቃ እንድትነግረኝ አዝዣታለሁ። በመጪው ቅዳሜ ሞክሬ ለደንበኞቼ አቀርባለሁ። ከተወደደ ተወደደ። ካልተወደደ አካውንቲንጓን ታጥብቅ።