ለቆመም ለሚሄድም ውሃ

በሐረርጌ ምድር ስለ ዓሣ እንደ እኔ የሚያውቅ አልተወለደም፤ ወደፊትም አይወለድም። አጥምጄ አላውቅም እንጂ። ይህን ዕውቀቴን ያልሰማ ሰው አሰበ ተፈሪ ውስጥ አልነበረምና፣ በ1954 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት መምህር ጎበዜ ሚስማርና ላምባ ወደምሸጥባት ሱቄ መጣ።

«ጋሽ ዘገየ፣ ድሬዳዋ መቼ ይወርዳሉ?»

«ነገ። እኔ ካልመጣሁ ድሬዳዋ ሱቅ አትከፍትም።»

አልሳቀም። ሳቅ ከቤቱ ከወጣ ሰንብቷል። ከጣና ዳር ይዟት የመጣት ሚስቱ ባየች ሳንባዋን ታማ ነበር። ሐረር ያያት ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ፣ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ካልበላች ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያነሣትም» ብሎ መልሷታል። የነፍስ አባቷ ለታመመ ተፈቅዷል ቢሏት፣ ጎረቤት ቢለምናት፣ ባሏ እግሯ ላይ ቢወድቅ፣ ባየች ጾሜን አልገድፍም አለች። አንድ ነገር ብቻ እሺ ብላለች። «ዓሣ ካገኛችሁ እበላለሁ። እኛ አገር በጾም ይበላል።»

ለአሰበ ተፈሪ ገበያ ደግሞ ከዓሣ ይልቅ ሰማይ ይቀርባል።

«ማጥመጃ ዘንግ እንዲገዙልኝ ነው» አለ ጎበዜ። «አንድ ብቻ። ለቆመም ለሚሄድም ውሃ የሚሆን። መጀመሪያ እዚሁ ቅርባችን ያለውን ሐይቅ እሞክራለሁ፤ ካልቀናኝ አዋሽ እወርዳለሁ።»

«ሸንበቆ አትቆርጥም?»

«ቆርጬ ነበር። ክሩ ላይ ያሰርኳት ቡሽ ሰምጣ ሳብ ሳደርገው ከመሃሉ ተቀነጠሰ።»

ከዚያ ስኳር ከምጠቀልልበት ወረቀት ቀደደና በእርሳስ ሣለልኝ። «ርዝመቱ የእርስዎን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሁን። በእጅ የሚያዘው በኩል ጠንከር ያለ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ። ጫፉ ልምጭ መሆን አለበት፤ ሲጎትቱት የሚጎብጥ። ቆሮሶ የምንላት ቅርፊታም ዓሣ ከንፈሯ ስስ ነው፣ ዘንጉ ካልጎበጠላት መንጠቆው ከንፈሯን ቀዶት ይወጣል። በወራጅ ውሃ ደግሞ ርዝመቱ ክሩን ከውሃው በላይ ይይዝልኛል፤ ቡሿ ከውሃው ጋር እኩል ትሄዳለች።»

«ይህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አልኩት ተቆጥቼ።

«ጫፉን አይርሱብኝ፣ ጋሽ ዘገየ። ቀጭን።»

ድሬዳዋ አንድ ግሪካዊ ባለሱቅ ሁለት ዘንግ አወጣልኝ። አንደኛው ልክ ወረቀቱ ላይ የተሣለው ነበር፤ ረጅም፣ ቀላል፣ ጫፉ ሲነኩት እንደ አለንጋ የሚወዛወዝ። ሁለተኛው በጥቁር ቫርኒሽ የተቀባ፣ የነሐስ ቀለበት የተደረደረበት፣ የእጄን አንጓ የሚያህል ነው። «ይሄ ለባሕር ነው» አለኝ ባለሱቁ፣ «ላንተ አይሆንም።» ለእኔ አይሆንም! ቀጭኑን ይዤ በአሰበ ተፈሪ ዋና መንገድ ሳልፍ ታየኝ፤ ዘገየ አህያ መንዳት ጀመረ ይሉኛል። ወፍራሙን ትከሻዬ ላይ ሳጋድመው ግን ከሱቁ መስተዋት ውስጥ አንድ የጦር አዝማች አየኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከተማው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለኝ ማለት ይቻላል። ጎበዜ ዘንጉን ተቀብሎ ጫፉን መሬት ላይ አስደግፎ ተጫነው። አልጎበጠም። ደግሞ ተጫነው።

«ሌላ አልነበረም?»

«እሱ ብቻ ነበር» አልኩት። በዕድሜዬ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

ቅዳሜ አብረን ሐይቁ ዳር ወረድን። ከብቶቹን የሚያጠጣው አብዶ መጥቶ ቆመብን፤ የአካባቢው ሰው ነው፣ እኔን ከልጅነቴ ያውቀኛል።

«ቁርጡሚ?» ብሎ ጠየቀ። በኦሮምኛ ዓሣ ማለቱ ነው። ጎበዜ ቋንቋውን ገና አልለመደምና፣ «የለም፣ ቁርጥማት እንኳ የለብኝም፤ የታመመችው ሚስቴ ናት» አለው። ሐሳባችንን ለአፍታ ረስተን፣ ያን ዕለት ሦስታችንም በሳቅ ወደቅን። አብዶ ግን ዘንጉን ሲያይ ሳቁ ባሰበት። «ቁርጡሚ በምሰሶ ትይዛለህ? ወላሂ፣ ዘገየ፣ ቤት ልትሠራ ነው?»

ቡሿ ሰባት ጊዜ ሰመጠች። ለሰው ሳወራው አርባ እላለሁ፤ ሰባት ናት። ጎበዜ የቻለውን ያህል በስሱ እየሳበ፣ ሰባቱንም ጊዜ መንጠቆው ላይ ቅንጣት ከንፈር ብቻ ተሰቅላ ወጣች። በሰባተኛው አብዶም አልሳቀም። «ምሰሶህን ተወው፣ መምህር» አለ፣ «ልምጭ ፈልግ።» እኔ ወደ ከብቶቹ ዞሬ ስለ ቀንዳቸው ማውራት ጀመርኩ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ ያው ሆነ። በዚያ መሃል ባየች ከአልጋ መውረድ አቆመች። ድሬዳዋ ሌላ ዘንግ አለ ብል ኖሮ ጎበዜ በዚያው ቀን በእግሩም ቢሆን ይወርድ ነበር። አላልኩም።

በአምስተኛው ሳምንት በጭነት መኪና መኢሶ፣ ከመኢሶ በባቡር አዋሽ ወረድን። ውሃው ቡናማ ነው፤ ይጎትታል። ጎበዜ ክሩን አስረዝሞ መንጠቆውን ከታች ጭቃው ላይ እንዲሳብ አደረገው። ቡሿ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረደች። እዚህስ ዘንጉ ወንድ ሆነ! ሁለታችንም ይዘነው ተረከዛችን አሸዋ እያረሰ ጎተትን። የወጣው ዓሣ፣ ለአንድ ጊዜ እውነቱን ልናገር፣ ክንዴን ያህል ነበር። ጥቁር፣ ሙልጭልጭ፣ ጢማም።

እኔ ዘለልኩ። ጎበዜ ተቀመጠ።

«አምባዛ ነው» አለ።

«ታዲያ ዓሣ አይደለም?»

«ቅርፊት የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ኦሪት ከልክሏል። እሷ የጣና ልጅ ናት፤ ብትሞት አትቀምሰውም።»

«ቆዳውን ገፈን ብንቆራርጠውስ? ማን ያውቃል?»

ቆዳውን እኔ ገፈፍኩ፣ ጨው ነስንሼ በቅጠል ጠቀለልኩት። ባቡሩ ላይ መኢሶ ልንደርስ ስንል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «እኔ አልዋሻትም» አለኝ። «ከጠየቀች እርስዎ ይመልሱላት።»

ለዚህ ሥራ በሐረርጌ ከእኔ የተሻለ አለ?

ጎረቤቷ ጥሩነሽ በኑግ ዘይት ጠበሰችው። ሽታው ሲደርሳት ባየች በአሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ችላ ተቀመጠች። እጇን ታጠበች። አማተበች። አንድ ቁራጭ አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋችና ቆም አለች።

«ጋሽዬ፣ እርስዎም አብረው ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ!»

«ቅርፊት ነበረው?»

ሰው የሆነ ሁሉ «አዎ» ብሎ ዝም የሚልበት ቦታ ነው። ጥሩነሽ እስትንፋሷን ይዛለች፤ ጎበዜ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ቅርፊት ነበረው ወይ ትያለሽ? የአንዱ ቅርፊት ስፋት ጠገራ ብር ያህል ነው! ስንፍቀው ፀሐይ እያንጸባረቀበት ዓይናችንን ሊያጠፋው! ጎበዜ ባርኔጣውን አይደል እንዴ የደፋው!»

ባየች ትክ ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች፤ ጥርሷ ከፊቷ በልጦ ነበር።

«የቆሮሶ ቅርፊት ከጥፍሬ አይበልጥም፣ ጋሽዬ። አባቴ እያመጣ እኔ ነበርኩ የምፍቀው።» ቁራጩን ወደ ሳህኑ መለሰች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጠረገች። «አምባዛ ነው አይደል፣ ጎቤ?»

ጎበዜ መጥቶ ሳህኑን ከፊቷ አነሣላት።

«አይዘኑ» አለችኝ መልሳ ስትጋደም። «እርስዎ ትንሽ ነገር መናገር አይሆንልዎትም።»

ጥሩነሽ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ ወጣች። «አንድ ቃል! አንተ ቀባጣሪ፣ አንድ ቃል ማለት አቅቶህ!» ሳህኑን ከእነ ዓሣው ለውሻ ገለበጠችው።

የሆሣዕና ዕለት ባየች ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ አለች። ጎበዜ በአንድ ወገን፣ ጥሩነሽ በሌላው ደግፈዋት ከግንቡ ሥር አስቀመጧት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ካህናቱ ፍትሐቱን ቀድመው የሚያደርሱት በዚያ ቀን ነው። ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ቆሞ ያዳምጣል፤ ለማን እንደሚነበብ ማንም አያውቅም። ባየች ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያበቃ «አሜን» ያለችው ከሁላችን ቀድማ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አረፈች። ደወል አልተደወለም፤ ዜማ አልተሰማም። ሺህ ሰው ወጣላት ብል ደስ ባለኝ፤ አሥራ አንድ ነበርን። ወደ መቃብሩ የሚወስደው ዳገት ቀጥ ያለ ነው፤ ሬሳ የያዘ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ያርፍበታል። አልጋውን ለአራት ተሸከምን፣ ፊት ለፊት ጎበዜና እኔ። ያለ ዕረፍት ወጣነው።