የገረጣው ቁስል

ሲስተር ሚልካ ከጠዋት ጀምራ ቆማ ወገቧ ሊበጠስ ደርሷል። አዳማ ውስጥ ቁስሉን ይዞ እሷ ጋ ያልመጣ ሰው የቀረ አይመስልም። አሁን ደግሞ ጋሽ ወዬሳ ከባጃጅ ወርደው፣ ባለቤታቸው እልፍነሽ ደግፋቸው እያነከሱ ገቡ።

ጋሽ ወዬሳ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴነር በር ቅልጥማቸውን ከቀደደው ወራት አልፈዋል፤ ቁስሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ስኳር የለባቸውም፤ መድኃኒታቸውንም አያቋርጡም። ቢሆንም ቁስሉ እንደገረጣ ነው። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ነገ ሆስፒታል እንዲገቡ ጽፎላቸዋል፤ እግሩ ሊቆረጥ።

ሚልካ ምክንያቱን አውቄዋለሁ ባይ ነበረች። ባለፈው ወር ብቻቸውን መጥተው፣ አጎንብሳ ፋሻውን ስትፈታ አረቄ ሸተታት። ድካሙም ተጨምሮባት፣ «እየጠጡ እንዴት ይድናል? መጠጥ እኮ አዲስ ደም ሥር እንዳይበቅል ያደርጋል!» ብላ ጮኸችባቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ወረፋ የያዘች የቸርቻቸው ሰው ሰማች፤ በቃ፣ አለቀ። ጴንጤ ጠጣ ከተባለ ወሬው ክንፍ አለው። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጠየቋቸው፤ ዝም አሉ፤ ከአገልግሎት ታገዱ።

ዛሬም ፋሻው ሲፈታ ያው ሽታ መጣ። ሚልካን መቆጣትም ደከማት። ይሄኔ እልፍነሽ ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች።

«ሲስተር፣ ከዚህ የሚበረታ አለ? ማታ ማታ የማጥብበት አልቆብኛል።»

ሚልካ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። አረቄ ነው።

«እናቴ ቁስላችንን በዚህ ነበር የምታጥበን» አለች እልፍነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው እንዳያየኝ ተከናንቤ ነው የምገዛው።»

ሚልካ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ቁስል የሚሽረው ጠርዙ ላይ ያሉት የደም ሥር ህዋሳት ተራብተው፣ ተያይዘው እንደ ክር ወደ መሀል ሲገቡ ነው። ያኔ ነው ቀይ የሚሆነው። አረቄ ጀርሙን ብቻ ለይቶ አይገድልም፤ እነሱንም ይፈጃቸዋል። ቀን የበቀለውን ማታ ያቃጥለዋል።»

«እኔ ነኛ እግሩን ያስቆረጥኩት!»

«ገና አልተቆረጠም» አለች ሚልካ። «ያን ቀን ጠጥተዋል ብዬ የጮህኩባቸውም ይሄው ሸቶኝ ነው።» እዚያው ስልኳን አውጥታ ሐኪሙን ቆረጣውን ሁለት ሳምንት እንዲያቆይላት ለመነችው። እየተነጫነጨ እሺ አላት።

እልፍነሽ ወደ ባሏ ዞረች። «አልጠጣህም ማለት ነው። እኔም እኮ አምኛቸው ነበር! ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበላቸው? ሚስቴ አረቄ ቤት ትመላለሳለች ልበል?» አሉ ጋሽ ወዬሳ። «አንቺም እያጠብሽኝ ትጸልያለሽ፤ ታለቅሻለሽ። እንዴት ብዬ ተይ ልበልሽ?»

ሚልካ ወር ሙሉ የናቀቻቸውን ሰው ቀና ብላ ማየት አፈረች። ፋሻውን መጠቅለል ያዘች።

«አያቃጥልህም ነበር?» አለች እልፍነሽ።

«ያንገበግበኝ ነበር» አሉ።