የተሸፈነው ታንክ

ወርቅዬ የታንኩ መሸፈኛ የታሰረበትን ገመድ በጣቷ መፍታት ቢያቅታት በጥርሷ ጎተተችው። ቋጠሮው ሲላላ ከውሃው ሥር የአየር አረፋ መፍለቅለቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባት። አርብ ዕለት ፕላስቲኩን ስታስር ገመዱ የአየር ቱቦውንም አብሮ አንቆት ኖሯል። መሸፈኛውን ስትገልጠው ሽታው አፍንጫዋን መታት። ያስፈለፈለችው ዘር እንደ ደለል ታንኩ ሥር ተኝቷል።

"ፀደይ፣ እስቲ ነይ።"

ፀደይ ከወዲያኛው ታንክ እጇን እያራገፈች መጣች።

"እሁድ ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ። አላየሽም?"

"ማንም እንዳይከፍተው አላሉም እትዬ? 'አንቺም ጭምር' ብለውኛል። እርስዎ ያሉትን ነው ያደረግኩት።"

እውነቷን ነው። ወርቅዬ ታንኩን የሸፈነችው ከፀደይ ዓይን ነበር። አዲስ የተወለደ ልጅ ለማንም አይገለጥም፤ ያውም ለምቀኛ። አሁን ግን ምቀኛዋ ማን እንደሆነች ቆም ብላ ማሰብ አልፈለገችም።

ሁለቱ የሚሠሩት ኦክላንድ ወደብ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። መስል የሚባለውን ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ያስፈለፍላሉ፤ እነሱ ግን በአፋቸው አይዞርም። የመስል ገበሬዎች ድሮ ባሕር ውስጥ ገመድ ሰቅለው ዘሩ ራሱ መጥቶ እንዲጣበቅበት ይጠብቁ ነበር። አንዱን ዓመት ገመዱ በዘር ይጠቁራል፣ ሌላውን ዓመት ባዶውን ይወጣል። መጋዘኑ የተከፈተው ባሕሩ ቢሰጥም ቢነፍግም ዘር በጊዜው እንዲደርሳቸው ነው። ያለፈው ዙር ግን ሞቶ ገበሬዎቹ ባዶ ገመድ ታቅፈው ከረሙ። ይህም ከከሸፈ የዘሩ ክፍል እንደሚዘጋ አለቃቸው ዳኒኤላ በለሰለሰ ድምፅ ነግራቸዋለች።

ፀደይ የምትሠራበት ታንክ የወርቅዬ ታናሽ እህት የዮዲ ነበር። ዮዲ ከሞተች በኋላ ባሏ ሀብተሥላሴ ፀደይን አገባ። ሳን ሆዜ ያለው ቤት፣ የዮዲ ልጅ ደላይት፣ በመጨረሻም ታንኩ፣ ሁሉም ለፀደይ ሆነ። ዮዲ እየዘፈነች ትሠራ ነበር። ይቺ ዝም ብላ ትሠራለች፣ ዘሩ ደግሞ ያምርላታል። ወርቅዬን የሚያንገበግባት ይኼ ነበር። ብታበላሽ ኖሮ ትወዳት ነበር።

የፀደይ ስልክ ጠራ፤ ደላይት ነበረች። እጇ እርጥብ ስለነበር በክርኗ ነክታ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ማም፣ ሰማያዊው ሹራቤ ዌር ኢዝ ኢት?"

"ድራየር ውስጥ ነው፣ የኔ እናት። አክስትሽ እዚህ ናት።"

"ሃይ፣ አክስቴ።"

"ደህና ነሽ ልጄ? ቁርስ በልተሻል?"

"የስ። ማም ሠርታልኛለች።"

ወርቅዬ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረች። ከታንኩ በጠብታ ማንሻ ቀድታ መስታወቱ ላይ አደረገች። ዘር ከሚሏቸው ደቃቅ እጮች አብዛኞቹ አይንቀሳቀሱም። ጥቂቶቹ ግን ገና ያወጧትን እግር ዘርግተው የሚይዙትን ይፈልጋሉ። ገመድ በጊዜው ካላገኙ እነሱም ይሞታሉ።

ፀደይ ስልኩን ዘግታ አጠገቧ ቆመች። "አሉ?"

"ጥቂት አሉ።"

"ከኔዎቹ ጋር እንቀላቅላቸው። የኔ ታንክ ገመዱ ገብቶለታል፣ ውሃውም ንጹሕ ነው።"

"ዳኒኤላስ?"

"ምን ታውቃለች? የሁለታችን ነው እላታለሁ።"

ወርቅዬ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳደረገች አሰበች። ቢቀላቀሉ ማንም የፀደይ ዘር ብቻ ነው የዳነው አይልም። የሷዎቹ በሽታ ይዘው የፀደይንም ቢገድሉ ደግሞ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ይህ ሐሳብ ደስ አላት። ደስታው ነው ያስደነገጣት፤ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች።

"እትዬ፣ ወንፊቱን ላምጣ?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን እንዲህ የምታዝኚልኝ ለምንድን ነው?"

"ማን አዘነልዎ? ክፍሉ ከተዘጋ እኔም ሳኒቬል ከተማ ሄጄ ቢሮ ጠራጊ ነው የምሆነው።" ፈገግ አለች። "እርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን ያመዎታል፣ መጥረጊያውን ለኔ ነው የሚተዉልኝ።"

ወርቅዬ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያውም ሳቋን ዋጠችው። ጎንበስ ብላ የታንኩን የውሃ መልቀቂያ ከፈተችው። ውሃው ወለሉ ላይ ወዳለው ቦይ ይወርድ ጀመር።

"ምን እያደረጉ ነው? በሕይወት ያሉትስ?"

"ከነበሽታቸው ቢሆኑስ? ያንቺን አላስነካም።"

"እንግዲያው የቀረን አንድ ታንክ ብቻ ነው። አንድ ቀን መብራት ቢጠፋ ወይም ፓምፑ ቢቆም በቃ፣ ዘንድሮም ባዶ ገመድ ነው።"

"እሱን መች አጣሁት።"

ወርቅዬ ጎማ ጫማዋን አድርጋ የሚጎድለው ታንክ ውስጥ ገባች። ብሩሹን አንስታ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች መፈግፈግ ጀመረች። ከሥር ያለው ደለል ጫማዋን እያሻሸ አለፈ፤ ወደ ታች አላየችም። ፀደይ ጠርዙን ይዛ ትጠብቃለች።

"ይህን ታንክ አጥቤ ስጨርስ ካንቺ ዘር ግማሹን ስጪኝ" አለች ወርቅዬ። "እኔ አሳድገዋለሁ።"