የአንድ ኪሎ ሜትር ብልጫ

«ሦስት መቶ ሃያ አምስት!» አለ መካኒኩ አሎን፣ መጽሔቱን ኮፈን ላይ ዘርግቶ ገጹን በጣቱ እየደበደበ። «ላምቦርጊኒ ዲያብሎ በሰዓት ሦስት መቶ ሃያ አምስት! ያንተ ፌራሪ ኤፍ 40 ስንት ነው? ሦስት መቶ ሃያ አራት!»

«ለአንድ ኪሎ ሜትር ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለው የጋራዡ ባለቤት ኤሊዓድ።

አዎ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ነበር። ከእስራኤሏ አሽቀሎን ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ ባለችው በዚህች ጋራዥ፣ ሳይንቀጠቀጥ መቶ ሃያ የሚደፍር መኪና ገብቶ አያውቅም። ግን የምሳ ሰዓት ነው፤ ወሬ ደግሞ ነዳጅ አይፈጅም።

ይሄይስ ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት ሱባሩ ያጥባል። ጎንደር ሳለ ሃያ ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። እዚህ ከመጣ ግን ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ አንዲት ብሎን እንኳ አልፈታም። ምክንያቱ አንድ ቃል ነው። ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ኤሊዓድ ከሞተር የወጣች ዕቃ አሳይቶ «ይቺ ምን ትባላለች?» አለው።

«ካንዴላ» አለ ይሄይስ።

ኤሊዓድና አሎን በሳቅ ሞቱ። «በአያቴ ስፓኒሽማ ካንዴላ ሻማ ነው! ይቺ ፕላግ ናት!» አለ ኤሊዓድ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ «ነር» ሆነ፤ በዕብራይስጥ ሻማ ማለት ነው። ይሄይስ ባማርኛው አፈረ። የጎንደር መካኒኮች በዘፈቀደ የሰየሙትን ቃል ተሸክሞ ባሕር የተሻገረ መሰለው። ልጁ ኦርታል እያስጠናችው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ፕላግ፣ ክላች፣ ጊር» ሲል ከረመ።

አሎን መጽሔቱን ያመጣው ከሚላኖ ነው፤ ጽሑፉ ግን አይገባውም። ፊደሉን ብቻ እየለቀመ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ፍሪ... ፍሪዚዮኔ... ካምቢዮ... ቴስታታ... ካንዴሌ...»

ይሄይስ ውሃውን ዘጋ።

«እስቲ ድገመው!»

«ምኑን?»

«ፍሪሲዮን እኮ ክላች ነው! ካምቢዮ ጊር ነው። ቴስታታ የሞተሩ ራስ። ካንዴላ ደግሞ...» ወደ መጽሔቱ ተጠጋ። «ካንዴላ ያው ፕላግ ነው። የጣሊያን ቃል ነው ለካ! እኔ አማርኛ ይመስለኝ ነበር።»

ጣሊያን ኢትዮጵያን ለቆ ሲሄድ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቶ ሄዷል፤ ይህን ለይሄይስ የነገረው ሰው አልነበረም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጽሔቱ ውስጥ ባሉት የሞተር ሥዕሎች ላይ አጎነበሰ።

«ፌራሪው ስምንት ፒስቶን ነው፤ በሁለት ቱርቦ ይገፋል። ቱርቦ ለመነሣት ይዘገያል፤ ከተነሣ ግን ይወረውርሃል። ዲያብሎው አሥራ ሁለት ፒስቶን ያለ ቱርቦ ነው፤ ከሥር ጀምሮ ይጎትታል። በአንድ ኪሎ ሜትር አይለዩም፤ በአነሣሣቸው ነው የሚለዩት።»

ኤሊዓድ ማኘኩን አቆመ። «ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«ስነግርህ ትስቅ ነበር። በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአሎን ጋር ልሥራ።»

«ሳቭላኑት፣ ነር፤ ታገሥ» አለ ኤሊዓድ ዓይኑን ሸሽቶ። «እኔማ አምንሃለሁ። ደንበኛው ነው የሚያስቸግረው። አንተን ሞተሩ ላይ ሲያይ... ይገባሃል አይደል?»

ለካ ነገሩ የቃል አልነበረም፤ የቆዳ ቀለም ነበር። ይሄይስን አንጀቱን ያሳረረው ይህ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ አፉ ሲያፍር የኖረው በከንቱ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ሸበቶ ሴት፣ ማርሹ የሚንገጫገጭ ነጭ መኪና እየነዳች ገባች። ነታ ትባላለች፤ የቆየች ደንበኛ ናት። አሎን አንዴ ማርሹን ነካ አድርጎ «ጊሩ ነው። ይወርዳል። ሁለት ቀን ይፈጃል» አላት።

ነታ ፊቷን ወደ ይሄይስ አዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ? ስገባ ጆሮህን ሰጥተህ ስታዳምጥ አይቼሃለሁ።»

«እሱ አጣቢ ነው» አለ ኤሊዓድ ፈጠን ብሎ።

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

«ጊሩ ደህና ነው» አለ ይሄይስ። «የክላቹ ሽቦ ረግቧል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።»

«እንግዲያው አንተው ሥራልኝ።»

«አሎን ይሠራልሻል» አለ ኤሊዓድ እየሳቀ። «አንተ ሱባሩዋን ጨርስ፣ ነር።»

ይሄይስ ኤሊዓድን አየው። ደንበኛዋ ይኸው ቆማለች፤ ፈቅዳለች። ቤት ውስጥ ሚስቱ ውቢትና ሦስት ልጆች አሉ፤ ይህም አልጠፋውም። ፊቱን ወደ ሴትዮዋ መለሰ።

«መኪናዎ ውስጥ መፍቻ ይኖራል?»

«ያለ ይመስለኛል።»

«ከወጣህ ነገ እንዳትመጣ» አለ ኤሊዓድ፤ አሁን አይስቅም።

ይሄይስ የሚያጥብበትን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ወረወረ።

«መንገድ ዳር ያቁሙልኝ፤ እዚያ እሠራልዎታለሁ» አላትና የመኪናዋን በር ሊከፍትላት ቀድሞ ሄደ።