ያለ ሰው የሚመልስ

ሰባ አንድ፣ ደግሞ ሰባ አንድ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቢቆጥረውም ያው ሰባ አንድ፣ ማሽኑ ከቡናዎቹ የዘር መረጃ ከሠራቸው መቶ የዝምድና ዛፎች ውስጥ ሰባ አንዱ የጋሽ ገብረወልድን የቢታ ጫካ ቡና ለብቻው ያቆሙታል፣ ከግማሽ በላይ ነው፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ቅርንጫፍ ደግሞ በማጠቃለያው ዛፍ ላይ ይቆማል፣ ሕጉ ይኸው ነው፣ ታዲያ ከሁለት ወር በፊት አርባ አራት ያለው ማን ነው? እሱ ራሱ ፈለቀ ነዋ። ማን ይሆናል።

እሱ እንኳ አይደለም፣ ስክሪፕቱ ነው፣ ግን ስክሪፕቱን ማን ጻፈው፣ ዛፎቹን የሚሠራው ፕሮግራም በጥቁሩ መስኮት ላይ ሲጠይቅ የሚውል ነገር ነው፣ የትኛውን ፋይል ላንብብ፣ ከየትኛው ቁጥር ልነሳ፣ ልቀጥል ወይ፣ ልክ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ፈለቀን ሰለቸው፣ መልሶቹን ሁሉ በአንድ ስክሪፕት በተራ ጽፎ ያለ ሰው እንዲመልስ አደረገው፣ አጨበጨቡለት፣ በግምገማ ላይ ሳይቀር ፈጠራ ተባለለት። ቦንጋ ላይ ደግሞ ከሰዓት መብራት ካልጠፋ ቀኑ አይመሽም፣ የሠራው ገደል እንዳይገባ ብሎ፣ የድሮ ፋይል አለ፣ ልተካው ወይስ ልጨምርበት ለሚለው ጥያቄ ጨምርበት ብሎ ጻፈ። ብልጥ ነኝ ባይ። ለሙከራ የሠራቸው፣ መረጃቸው ያልተሟላ ስልሳ ዛፎች እዚያው ፋይል ውስጥ ተኝተው ነበር፣ የሞተ ሰው ከመዝገብ ተነሥቶ እንደሚመርጠው ከመቶዎቹ ጋር ተሰልፈው ስልሳውም የተቃውሞ ድምፅ ሰጡ፣ ሰባ አንድ ለመቶ ስልሳ ሲካፈል አርባ አራት በመቶ፣ በቃ። ቅርንጫፉ ወደቀ። የቢታው ቡና ከሌላው አይለይም ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ካልተለየ ጫካው ለምን ይጠበቃል ተባለ፣ ለባለሀብት ተሰጠ፣ ሰኞ የጫካ መመንጠሪያ ማሽን ይገባል።

ዛሬ ዓርብ ነው።

ጠዋት ለምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ለወይዘሮ በዛወርቅ ነግሯቸዋል፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ክፉ ሴት አይደሉም፣ እናቱ የሞተች ጊዜ ሠልስት ድረስ ከድንኳኑ ያልተለዩ ሴት ናቸው፣ ደብዳቤው እኮ ወጥቷል ፈለቀ አሉት፣ አሁን ተሳስተን ነበር ብንል እኔም አንተም ማዕከሉም አንድ ላይ ነው የምንወድቀው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከደብዳቤው ጋር የሚስማማው ብቻ ይቆይ። እሺ አለ። ከአፉ ሲወጣ እንኳ አልሰማውም፣ በአንድ ለአምስቱ እሺ፣ በስብሰባው የሚቃወም ሲባል ዝም፣ የሚደግፍ ሲባል እጅ ማውጣት፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ እና ተመልሶ ቁጭ አለ፣ አዲሱን ውጤት አጥፋ ብሎ ጻፈ፣ ማሽኑ ግን እንደ ልማዱ ይጠይቃል፣ በእርግጥ ይጥፋ? ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ብልጭ ድርግም።

በመስኮቱ በኩል አግዳሚው ላይ ባርኔጣ ይታየዋል። ያ የጋሽ ገብረወልድ ባርኔጣ። አምላኬ፣ ዛሬን እንኳ አያምጣቸው።

ኅዳር ነበር፣ ከቢታ ገነት በላይ፣ ጭቃው ቦቲውን እየጎተተበት፣ ገና ለናሙና እጁን ወደ ቡናው ቅጠል ሲሰድ ጋሽ ገብረወልድ አንጓውን ያዙት፣ ቆይ፣ ሳይጠየቅ አይቆረጥም። ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ማር ጠብ ያደርጋሉ፣ በካፍኛ አንድ ነገር ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ዐሥር ዛፍ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ አባቴ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ቢጠይቋቸውስ አላቸው፣ እሱ መቼም አቋራጭ ነፍሱ ነው፣ ሽማግሌው ገርሟቸው አዩት፣ አንዱ እሺ ቢል ሌላው እሺ አለ ማለት ነው? አራተኛዋ ዛፍ ሥር ብዙ ቆሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይቺ አልፈቀደችም፣ አለፏት፣ ፈለቀ በሆዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሲለያዩ ደረቱን መትቶ ውጤቱን እኔ ራሴ እነግርዎታለሁ አለ፣ ማን ጠየቀህ፣ ማን ማልልኝ አለህ።

በሩ ተንኳኳ።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ፣ ወንበር ቢስብላቸው አልተቀመጡም፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ማር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ፣ ስለ መንገዱ ሲጠይቃቸው ደህና ነው አሉ፣ ስለ ጤናቸውም ደህና፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ልጆቼ ሰኞ ማሽኑ ፊት እንቆማለን ይላሉ። ይታሰራሉ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ቆዩ አልኳቸው፣ ያ ልጅ ራሴ እነግርዎታለሁ ብሎኛል። ወረቀቱ እውነት ነው? የኛ ቡና እንደ ማንም ቡና ነው? አንተ እውነት ነው ካልክ ልጆቼን አስቀራለሁ፣ አይደለም ካልክ እኔም አብሬ እቆማለሁ።

ንገራቸው፣ ሰባ አንድ በላቸው፣ ሰባ አንድ ማለት ትንሽ ቃል ናት፣ የሥራ ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ሚስቱ ፀደንያ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ ነው፣ ተሳስቼ ነው አባቴ፣ ስንፍናዬ ነው አባቴ፣ ሽማግሌ ሰው ማሽን ፊት ቆሞ፣ ፖሊስ መጥቶ፣ እንዲያውም ለእሳቸው ይሻላል፣ ቢቀሩ ይሻላል፣ ውሸታም፣ ለእሳቸው አስበህ ነው እንግዲህ፣ ሰባ አንድ፣ በል፣ ሰባ፣

አዎ አባቴ፣ እውነት ነው።

ድምፁ የሱ ነው። አፉን ዘግቶ የነበረ ይመስለው ነበር።

ጋሽ ገብረወልድ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ በተሻለ፣ እህ አሉ፣ ወለሉን አዩ፣ እንግዲያ ያቺ እንቢ ያለችው ዛፍ አውቃ ኖሯል አሉ፣ ስለ ነገርከኝ እግዜር ይስጥህ፣ ልጆቼን አተረፍክልኝ። ጎንበስ ብለው ወጡ፣ ባርኔጣው በመስኮቱ አለፈ፣ ወደ መናኸሪያ፣ የቢታ አውቶቡስ ሳይሞላ አይነሳም፣ ጊዜ አለ፣ ባጃጅ ቢይዝ ይደርስባቸዋል፣ ይነሳና፣ አሁን ይነሳና።

አልተነሳም።

ማሩ በቅጠሉ ስንጥቅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ብሏል። በእርግጥ ይጥፋ? ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አልጻፈለትም፣ ስክሪፕት የለም፣ ማንም የለም፣ ጠቋሚዋ ትጠብቃለች፣ ፈለቀም አብሯት ይጠብቃል፣ ጋሽ ገብረወልድ ዛፉ ሥር ሲጠብቁ የቆዩትን ያህል፣ ከዚያ አዎ የሚለውን በገዛ ጣቱ ይጫነዋል።