የሃልዶር ቢላዋ የተሰካበት

ከተማችን ሁለት ሙዚየም አላት። አንዱ የድሮው ነጋዴ ቤት ነው፤ ሰሃን ያሳያሉ። ሰሃን እኔም ቤት አለ። እኔ የምሄደው ጀልባዎቹ ወዳሉበት መጋዘን ነው፤ በየእሑዱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።

እዚያ የባሌ የሃልዶር ጀልባ ተገልብጣ ተቀምጣለች። በእኛ ባሕር ጀልባ ሲገለበጥ፣ አቅም ያለው ሆዷ ላይ ይወጣና የወገቡን ቢላዋ ሰክቶ፣ እሱን ጨብጦ ይቆያል። ሲያገኟት ሦስት ቢላዋ ተሰክቶባት ነበር፤ ሰው አልነበረም። አንዱ የሃልዶር ነው፤ ለእኔ ሰጡኝ። የእሱ ቀዳዳ ግን አራት ነው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። ማዕበሉ ባንሸራተተው ቁጥር ነቅሎ እንደገና ሰክቷል ማለት ነው። መቃብር የለውም፤ ያለኝ እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። እሑድ ሄጄ ቢላዋውን ከላይኛው እሰካና ጨብጬው ትንሽ እቆማለሁ። ሰው ካለ አላደርገውም።

ዘንድሮ ሊያድሱ ብለው ዘጉት። በሩ ላይ፣ ስለ ጀልባዎቹ የሚያውቅ ማክሰኞ መጥቶ ይንገረን የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ።

"ሂጂ እንጂ ኦሊኔ" አለችኝ ጎረቤቴ ራግና።

"የተማሩት እነሱ። ቤቴን ያውቁታል፤ መጥተው ይጠይቁኝ።"

"እንግዲያው ኩራትሽን ጨው ነስንሰሽ ብዪው።"

ማንም አልመጣም።

ሲከፈት ሄድኩ። ያደሰው ሲግቬ በር ላይ ተቀበለኝ። አርባ የሞላው ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም።

"እማማ ኦሊኔ፣ እስቲ ይዳስሷት። ቀዳዳውን ሁሉ በስቱኮ ደፈንኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ሁለት ጊዜ ሬንጅ ቀባኋት።"

ዳሰስኳት። ልስልስ ብላለች። ቢላዋውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። የባሕር ሰው ልጅ ነውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሲጎትቷት ድንጋይ የቧጨራት መስሎኝ" አለ። "ማክሰኞ እስኪመሽ ጠበቅን እኮ። ለእርስዎ ወንበር አስቀምጬ ነበር።"

"ቤቴ ለምን አልመጣህም?"

"ፈራሁዎታ። አምና መረብ ልጠይቅ ብመጣ በመጥረጊያ አባረሩኝ።"

እውነቱን ነው።

መሮና መዶሻ አንሥቶ መጣ። "የት ጋ ነበር? ያሳዩኝ፤ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ።"

ከዚህ ነው ስል ከዚያ ሆነብኝ። እነዚያን ቀዳዳዎች የማውቃቸው በጣቴ ነበር፤ አሁን ጣቴ የሚይዘው አጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ዳሰስኩ።

"ተወው" አልኩት። "አንተ የወጋኸው ያንተ ነው የሚሆነው።"

እሱ መሮውን፣ እኔ ቢላዋዬን እንደያዝን ቆመን ሳለ ሁለት ጎብኚዎች ገቡ። ሴትዮዋ ጀልባዋን ደባበሰችና፣ "እንዴት አድርገው ጠብቀዋታል" አለች።

ሲግቬ ወደ እኔ አየ። ቢላዋውን ወደ ኪሴ መለስኩት።